ለመሄድ ለምታስቡ፦ ቀውሱ እዚያም አለ



በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ልውጣ ወይስ ልቆይ?»

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «አገሩን የሚወድ አይሰደድም» እያለ ኮሜንት የሚያደርግ አለ። ወንድሜ፣ ሆዱ የጎደለበትን ሰው በባንዲራ አትገሥጸው። እኔም ዲግሪ ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ነኝ። ማስታወቂያው ሁሉ «የሥራ ልምድ» ይላል፤ ሥራ ሳንይዝ ልምዱን ከየት እናምጣው? እናቱ ሸጣ ያስተማረችውን ልጅ «ከዳህ» ማለት ነውር ነው። መሄድ ክህደት አይደለም።

ለምን እንደምትሄዱም ይገባኛል። ሒሳቡን እንሥራው። 1,000 የሳዑዲ ሪያል ማለት 266 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ስለዚህ 1,000 ሪያል 15 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ዶላሩን በ130 ብር ብታስቡት ደግሞ ያው 1,000 ሪያል 34 ሺህ ብር አለፈ። እዚያ ደሞዙ አልጨመረም፤ የኛ ብር ነው የወረደው። እዚህ ኑሮው ሲወደድ እዚያ ያለው ሪያል ትልቅ ሆኖ ይታያል። ደላላውም የሚነግድበት ይሄንኑ ነው።

ደላላው የማይነግራችሁ ግን አለ። ቀውስ እዚያም አለ። ቀውስ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚገፋው የውጭ ሰው ነው።

በ2006 ዓ.ም. ምን ሆነ? ሳዑዲ ዓረቢያም ሥራ አጥ ወጣቶች ነበሯት። ለእነሱ ሥራ ለማስለቀቅ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመለሱ። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበር።

ሊባኖስስ? ባንኮቿ ገንዘብ ያዙ፣ ገንዘቧ ዋጋ አጣ፣ ኮሮና ተጨመረበት። በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ ደሞዝ መክፈል ያቃታቸው ማዳሞች እህቶቻችንን በመኪና አምጥተው ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። የወራት ደሞዝ ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ የቀረ ነበሩ። አስፋልት ዳር አደሩ። ያንን ፎቶ ያየ አይረሳውም።

«እኔ ምሩቅ ነኝ፣ የቤት ሥራ አልሄድም» የምትሉስ? ለእናንተም ተዘጋጅቷል። «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ፣ እንግሊዝኛ መቻል ብቻ ይበቃል» ተብለው የሄዱ ልጆች ማይናማር ድንበር ላይ በታጠረ ግቢ ውስጥ ተዘግተው፣ እየተደበደቡ በኢንተርኔት ሰው እንዲያጭበረብሩ ተገደዋል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ገደማ ሰዎች ከግማሽ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ዲግሪ ከደላላ አያድንም።

በባሕር መንገድማ ባንናገር ይሻላል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ጠረፍ የሰጠመችው ጀልባ የጫነችው በአብዛኛው የኛን ልጆች ነው።

እንግዲህ ለመሄድ ከቆረጣችሁ፣ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ሂዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እነዚህን ያዙ፦

1. ሕጉን እወቁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በ1246/2013 የተሻሻለው) የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ በአሠሪው ላይ ነው ይላል። የእናንተ ወጪ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የብቃት ማረጋገጫ ያለው ነው። «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል ሺህ አምጡ» የሚላችሁ ሰው እየዘረፋችሁ ነው። ለእሱ ብላችሁ በሬ አታሸጡ፣ መሬት አታስይዙ።

2. «ፍሪ ቪዛ» የሚባል ነገር በሕግ የለም። በአንድ አሠሪ ስም ገብታችሁ ሌላ ቦታ ከሠራችሁ ወረቀት አልባ ናችሁ። 2006ን አስታውሱ።

3. ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሳታረጋግጡ ሳንቲም አትክፈሉ፣ ፓስፖርት አታስረክቡ። ከአገሩ ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት መኖሩንም ጠይቁ።

4. ውሉን አንብቡ። ደሞዝ ስንት? ዕረፍት መቼ? የአሠሪው ስምና አድራሻ አለ? ፎቶ አንስታችሁ ለሁለት ሰው ላኩ፤ አንዱ ቤተሰብ፣ አንዱ ጓደኛ።

5. ባዶ እጅ አትሂዱ። መንጃ ፈቃድ፣ ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ የሕመምተኛ እንክብካቤ፣ ጥቂት ዓረብኛ። ሠራተኛ ሲቀነስ ሙያ ያለው ቢያንስ የሚጠይቅበት አፍ አለው።

ለምትቀሩትም የቤት ሥራ አለ። ሕዝቤን እወዳለሁ ማለት ፕሮፋይል መቀየር ብቻ አይደለም። ከሰፈራችሁ ማን ሄደ? የት ነው ያለው? በዚህ ወር ስልክ አነሳ? ዝም ካለ ማን ይጠይቅለታል? ሰፈር ውስጥ የሚዞረውን ደላላ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቡና ስለሚጋብዘን ዝም እንላለን። ዝምታው ይብቃ።

መንግሥትንም ቁርጥ ያለ ነገር እንጠይቅ፦ የሚልኩት ሬሚታንስ ለአገር ከጠቀመ፣ ሠራተኛ በላክንበት አገር ሁሉ ስልክ የሚያነሳ የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ይኑር። ዶላራቸውን ፈልገን እነሱን ቆንስላ በር ላይ መተው አይሆንም።

የሚሄድ ይሂድ፤ ክብሩንና ውሉን ይዞ። የሚቀር ይቅር፤ የሄደውን ሳይረሳ። ሻንጣ እያዘጋጀ ላለ ጓደኛችሁ ዛሬውኑ ላኩለት። ሼር!