ስለ ጤናችን፦ ቁጥሩ ያለ ሰዓቱ አይነበብም

የስኳር በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ዛሬ ቤታቸው ሆነው ጣታቸውን ወግተው የደማቸውን ስኳር ይለካሉ። ነገር ግን «ዛሬ 160 ሆነብኝ» ብሎ መደንገጥ፣ በማግሥቱም «95 ወረደልኝ» ብሎ መደሰት ብቻውን ጥቅም የለውም። 160 ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ የተገኘ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጧት እህል ሳይቀመስ ከሆነ ግን ብዙ ነው። 95ም ጧት ሲነሡ መልካም ነው፤ ኢንሱሊን የተወጋ ገበሬ ቁርስ ሳይቀምስ ወደ እርሻው ሊወርድ ሲል ከሆነ ግን ያሳስባል።

ለብዙው ጐልማሳ ሐኪሞች የሚሹት ልክ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለሕፃን፣ ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ልኩ ስለሚለይ ሐኪምን መጠየቅ ያሻል። ዘመድ ከውጭ አገር የላከው መሣሪያ 5.5 ወይም 9 እያለ የሚያሳይ ቢሆን አትደናገጡ፤ በ18 ስታባዙት ባገራችን የተለመደው ቁጥር ይሆናል።

ስኳር የጠገበ ሰው በሽታ ነው የሚለው ወሬ በጎንደር ገጠር አይሠራም። ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በዚያ ገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ከሲታና ድኻ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ሰው የሚፈራው የስኳሩን መብዛት ብቻ አይደለም፤ መውረዱም ቶሎ ይጥለዋል።

ይህም በተለይ በሁዳዴ ጾም ይታያል። መድኃኒቱን እንደ ወትሮው ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በስድስት ሰዓት ቢለካና 78 ቢያገኝ፣ ቁጥሩ ገና ከ70 በላይ ነው ብሎ መጽናናት የለበትም። ሦስት ሰዓት ይቀረዋል፤ መድኃኒቱም ሥራውን አላቆመም። ቤተ ክርስቲያን የታመመን አታስገድድምና፣ ከጾሙ በፊት ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ቢማከር ይሻላል። ላብ ካጠመቀው፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ (መንገደኛ ሰክሯል ብሎ ያልፈዋል!) ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካ። ቆሎ ለዚህ አይሆንም፤ ስኳሩን ቶሎ አያደርስም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ባፉ ምንም አይጨመርም፤ በጐኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ቁጥሩ ራሱ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። ማር ወይም ብርቱካን የነካ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ፣ የሚነበበው የማሩ ስኳር ጭምር ነው። ደባርቅን በመሰለ ደጋ ደግሞ የማለዳው ብርድ ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ10 ዲግሪ በታች በትክክል አይሠሩምና ከጋቢ ሥር አሙቆ መለካት ይገባል። የስትሪፑ ዕቃ ክዳን ተከፍቶ ከከረመም እርጥበት ያበላሸዋል።

ስትሪፕ ውድ ነው። በሳምንት ጥቂት ብቻ ላለው ሰው፣ ሁሉንም በየጧቱ ከመጨረስ ይልቅ አንዱን ቀን ከቁርስ በፊት፣ ሌላውን ቀን ከምሳ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሌላውን ወደ መኝታ ሲሄድ ቢለካ ብዙ ይማርበታል። የጧቱ ቁጥር ሁልጊዜ የሚበዛበት ሰው አንድ ሁለት ሌሊት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ቢለካ፣ ሐኪሙ የማታውን መድኃኒት ለማስተካከል መንገድ ያገኛል። በተራ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ የተበላውን፣ የተወጋውን መጠንና የዋለበትን ሥራ ከቁጥሩ ጐን መጻፍ ነው። ሐኪሙ ያለዚህ ደብተር በግምት ይሠራል።

በመጨረሻ፣ ቁጥሩ ከ250 በላይ ሆኖ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠትና ጥልቅ የሆነ ፈጣን ትንፋሽ ከተከተለ ነገ እናያለን አይባልም። «እህል አልቀመስሁምና ኢንሱሊኑን ልተወው» የሚለውም ሐሳብ ብዙ ሰው አጥፍቷል፤ በዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል መጓዝ ያስፈልጋል፤ ደብተሩንም መያዝ።