ስለ ጓያ፤ አበባው፣ ጥቅሙና ጥንቃቄው

ዛሬ የምንነጋገረው በጾም ወራት በብዙ ቤት ሽሮ ሆኖ ስለሚቀርበው፣ ነገር ግን ብርቱ ጥንቃቄ ስለሚያሻው ስለ ጓያ ነው።

አርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃውን ወደ ታችኛው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያፈስሳል። ይሁን እንጂ በዙሪያው ባለው ተዳፋት የሚያርስ ገበሬ ዓይኑን የሚያነሣው ወደ ሰማይ ነው። ዝናሙ ያጠረ እንደ ሆነ ጤፉም ስንዴውም ይጠወልጋል፤ ጓያ ግን ይጸናል።

ጓያ ግንዱ ቀጭን፣ የቅጠሉ ጫፍ እየተጠማዘዘ ያገኘውን የሚይዝ፣ አበባው ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነ ተክል ነው። ፍሬው እንደ አተር ድቡልቡል ሳይሆን ጠርዝ አለው። ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት በጥቁር መሬት ላይ ይዘራል፤ ከዚያም አፈሩ ባስቀረው እርጥበት ያድጋል። ብዙ እርሻና ማዳበሪያ አይፈልግም፤ በሥሩ ላይ ባሉት እባጮች የሚኖሩ ረቂቃን ፍጥረታት ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ለተክሉም ለመሬቱም ያተርፋሉ። ስለዚህ በጓያ ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት እህል ቢዘራ ይበረታል። ገለባውም ለከብት መኖ ይሆናል።

ነቢዩ ዳንኤልና ጓደኞቹ በባቢሎን ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው እንዳማረ እናውቃለን። ሆኖም ጥራጥሬ ሁሉ አንድ አይደለም። በጓያ ፍሬ ውስጥ የጅማትን ሥራ የሚያበላሽ መርዝ አለ። ሰው ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት የበላ እንደ ሆነ እግሩ ይተሳሰራል፤ አንዱ በአንድ ዱላ፣ ሌላው በሁለት ዱላ ይሄዳል፤ የባሰበትም ይድሃል። ይህ ሽባነት መድኃኒት አልተገኘለትም። ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳውም ወጣቱን ወንድ፣ የቤቱን አራሽ ነው። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1976ና በ1977 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹም ከድርቅ በኋላ በዚሁ በወሎ ደጋ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተሰናክለዋል።

አንዳንድ ሰዎች በሽታው ከሚፈላው ጓያ እንፋሎት ወይም በገለባው ላይ ከመተኛት ይመጣል ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ የሚጐዳው መብላቱ ነው። እንፋሎቱን እየሸሸን ንፍሮውን ብንጠግብ ራሳችንን አታለልን ማለት ነው።

እንግዲህ የቤት እመቤት ይህን ታድርግ። ጓያውን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ ታሳድር፤ ውኃውንም ትድፋው። ንፍሮውና ቆሎው፣ እሸቱም የከፋ ጕዳት እንደሚያመጡ ስለ ተረጋገጠ ለልጆች እንደ ዘወትር ምግብ አትስጥ። ሽሮውን ከባቄላና ከአተር ጋር ትደባልቀው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ትጨምርበት፤ ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ እንጀራ ጋር ታቅርበው። ጓያው ከቤተሰቡ ምግብ ከሲሶ አይብለጥ።

አባወራው ደግሞ መርዙ ያነሰ ዘር ይፈልግ። «ዋሴ» የተባለው ዘር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2006 ለገበሬ የተለቀቀው ስለዚሁ ነው። ይህም ቢሆን ከመርዝ ፈጽሞ የጠራ ስላልሆነ ጥንቃቄው አይቅር።

በክፉ ዘመን ጎተራው ውስጥ የሚቀረው ጓያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ጓያን በገብስ ወይም በማሽላ መለወጥ ይገባል። ሌላ እህል ያለውም ጎረቤት ለጓያው ባለቤት አንድ ቁና ገብስ ቢሰጠው ምጽዋቱ የወጣቱን እግር ያድናልና አይሰስት።