ክንድ ቢያምም ክትባት አይተውም

የኮሮና በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ክትባቱም ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ።

በቅድሚያ የተከተቡት የጤና ሠራተኞች ናቸው። በሽተኛውን የሚነኩት እነሱ ናቸውና። ቀጥሎ በሽታው የሚበረታባቸው ሽማግሌዎችና የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተከተቡ። በ2014 ዓ.ም. ዕድሜው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ተጠራ።

ያን ጊዜ ብዙ ሰው «መርፌው አሳመመኝ» ብሎ ሁለተኛውን ተወ። እውነት ነው፤ ክንድ ያማል፣ ሰውነት ያተኩሳል። ይህ ግን ሰውነት በሽታውን መለየት ሲማር ነው። እርሳስ መጀመሪያ የጨበጠ እጅስ ይደክመው የለም?

ሕመሙ ባንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ውሃ እንጠጣ፣ እንረፍ፤ እርሻው ለነገ ይደር። ከተወጋን በኋላ ግን 15 ደቂቃ ያህል እዚያው እንቆይ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቶሎ ለጤና ሠራተኛው እንንገር።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አረጋውያን ፈንጣጣን ያውቁታል። ፊት ያበላሽ፣ ዓይን ያጠፋ ነበር። ያን ክፉ በሽታ ያሸነፈው ክትባት ነው። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. በባሌ ነው። በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ዛሬ ልጆቻችን ለኩፍኝ ሁለት ጊዜ ይከተባሉ፤ በ9 ወርና በ15 ወር። የአንድ ቀን ትኩሳት ፈርተን ሁለተኛውን አናስቀር። ቀኑ በክትባት ካርዱ ላይ ተጽፏል። አሁን ራሳችን እናነበዋለን።