«እዚህ አንበሳ የለም» ከማለት በፊት

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል ያለው የሐረና ደን የአንበሳ መኖሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ከፓርኩ ውጭ በሚገኙት እንደ ጎሮ ባሉ ወረዳዎች ግን አንድ ከብት አርቢ «አንበሳ ጥጃ በላብኝ» ብሎ ቢያመለክት፣ ለባለሙያው ቀላሉ መልስ «እዚህ አንበሳ የለም፤ ጅብ ይሆናል» የሚለው ነው። ይህ መልስ ሊታረም ይገባል የሚል አቋም አለኝ።

የመልሱ ምንጭ የስርጭት ካርታው ነው። ካርታ የሚያሳየው ግን አጥኚ የደረሰበትን ቦታ ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ምዕራብ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር የሚዋሰነውን የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክን እንመልከት። በ2008 ዓ.ም. ሐንስ ባወር የመሩትና ቦርን ፍሪ የደገፈው ቡድን በዚያ በካሜራ ወጥመድ አንበሳ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ዱካም አገኘ። ዜናው «አዲስ የተገኙ አንበሶች» ተብሎ በዓለም ተነገረ። የአካባቢው ሰው ግን አንበሶቹን ቀድሞም ያውቃቸው ነበር። ከዚህም ሌላ ወጣት ወንድ አንበሳ ከ2 እስከ 3 ዓመት ሲሞላው ከትውልድ መንጋው ተለይቶ ረጅም መንገድ ይጓዛል፤ ባልተጠበቀ ስፍራ መታየቱ የተፈጥሮው አካል ነው።

ያልታመነ አርቢ ችግሩን በራሱ መንገድ ይፈታል። በሬሳ ላይ የሚደረግ መርዝ ደግሞ አይመርጥም፤ ጅቡን፣ ጥንብ አንሣውንና የጎረቤትን ውሻ አብሮ ይፈጃል። አንበሳውም ሳይመዘገብ ስለሚሞት ካርታው «ትክክል» ሆኖ ይቀራል። (በተቃራኒው፣ ጥቆማውን ሲያምን ወዲያው ጠመንጃ የሚጠራም ባለሙያ አይጠፋም፤ ያም መዝገብ አያስቀርም።)

ጥቆማዎች ሁሉ እውነት አይደሉም የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ ለማጣራት ግን ቦታው ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። አንበሳ ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ በዱካው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፤ በጅብ ዱካ ላይ ግን ይታያል። አንበሳ ብዙውን ጊዜ ጉሮሮ ወይም አፍ ይዞ አፍኖ ይገድላል፤ ጅብ ትልልቅ አጥንት ሳይቀር ይሰብራል። እነዚህ ምልክቶች በዝናብና በጥንብ አንሣ ስለሚጠፉ ጉብኝቱ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ መሆን አለበት። ያልተረጋገጠውም «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይመዝገብ፤ እንስሳውም አመልካቹ በጠራበት ስም፣ ሌንጫ ወይም ቄረንሳ ተብሎ፣ ይጻፍ። በአማርኛ ነብርና አቦሸማኔ ስንት ጊዜ እንደሚምታቱ የምናውቅ ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ልናየው አይገባም።

የኃላፊነቱ አከፋፈልም መታየት አለበት። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ከወሰኑ ውጭ ግን የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅትና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይመጣሉ። ጥቆማ በመካከላቸው ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። የካሳ ሥርዓት በሌለበት ባለሙያው ባዶ እጁን መሄድ እንደሚከብደው ይገባኛል። ሆኖም የሌሊት በረቱን እሾህ አጥር አይቶ የላላውን ቦታ ማሳየት፣ ከብቶቹ ከመምሸቱ በፊት እንዲገቡ መምከር ገንዘብ አይጠይቅም። መዝገቡ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ግልባጩም ዲንሾ ለሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት በየወሩ ይድረስ።