ሰማያዊዋ ብቻዋን አታድንም!
ከሐረጎ በላይ የደሴ ብርድ፣ ከሐረጎ በታች የኮምቦልቻ አቧራ፤ አስም ያለበት ሰው ወዴት ይሽሽ? ደረቱ ሲያፏጭበት ሮጦ የሚገዛው ሳልቡታሞል ነው፤ ያቺን ሰማያዊዋን የምትሳበዋን። ገንዘብ ያጠረው ክኒኑን ይውጥና እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ልቡ ሲደልቅ ያድራል። ሳልቡታሞል ግን የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ከፈት ያደርጋል እንጂ እብጠቱን አያበርድም። የሚያበርደው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው በየቀኑ የሚሳበው ነው። ጂና የተባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ በ2019 (እ.ኤ.አ.) አዋቂን በሳልቡታሞል ብቻ ማከም ይቅር ብሏል። ታዲያ የኛ ሰው የሁለተኛውን ስም እንኳ ሳይሰማ ለምን ይሸኛል? የጤና ሹማምንቱ ይመልሱልን! በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሆስፒታል በጦርነቱ መዘረፉን አልረሳንም። «ነቅንቅ፣ አየር አስወጣ፣ እየሳብክ ተጫን፣ ትንፋሽህን ይዘህ እስከ አሥር ቁጠር፤ ከቤክሎሜታዞኑ በኋላ ተጉመጥመጥ» ብሎ ለማሳየት ግን አንድ ነርስና አምስት ደቂቃ ይበቃል።