ገቢን ለማስታወቅ ዋጋ መክፈል ይገባልን?

ግብር መክፈል የማንኛውም ነጋዴ ግዴታ መሆኑ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም። መንገዱና ድልድዩ፣ ጉምሩኩና ፍርድ ቤቱ ያለ ግብር አይቆሙም፤ እነርሱ ከሌሉም ንግድ አይኖርም። ለክርክር የሚቀርበው ሌላ ጉዳይ ነው። ነጋዴው የሚገባውን ግብር ከመክፈሉ በፊት፣ «ገቢዬ ይህን ያህል ነው» ብሎ ለማስታወቅ ብቻ ሌላ ዋጋ እንዲከፍል ማድረግ ይገባልን? የመንግሥትን ድርሻ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይዞ ለሚሄድ ሰው በበሩ ላይ የመግቢያ ዋጋ መጠየቅ ፍትሕ ነውን?

ይህ ጥያቄ በኢንተርኔት ገቢን ማስታወቅ ከተጀመረ ወዲህ በልዩ ልዩ አገሮች ተነሥቷል። ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ግን የአሜሪካ ታሪክ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአገር ውስጥ ገቢ መሥሪያ ቤት የግብር ማስሊያ ፕሮግራም ከሚሸጡ ኩባንያዎች ጋር ተዋዋለ። ኩባንያዎቹ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ለሆነ ግብር ከፋዮች አገልግሎቱን በነጻ ሊሰጡ፣ መሥሪያ ቤቱም በፈንታው የራሱን ነጻ ፕሮግራም አውጥቶ ላይወዳደራቸው ተስማሙ። አገልግሎቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መንግሥትም፣ ኩባንያዎቹም፣ ሕዝቡም የተጠቀሙ መስሎ ነበር።

ውጤቱ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነ። ከግብር ከፋዮቹ 70 በመቶ የሚሆኑት በነጻው አገልግሎት ለመጠቀም ሲፈቀድላቸው፣ የተጠቀሙበት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። የግምጃ ቤቱ የግብር አስተዳደር ተቈጣጣሪ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መግለጫ፣ ለ2018 የግብር ዓመት በነጻ ማስታወቅ ሲችሉ ዋጋ ሳይከፍሉ ያልቀሩት ሰዎች ከ14 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ገለጸ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቱርቦታክስ የተባለውን ፕሮግራም የሚሸጠው ኢንቱዊት፣ «ነጻ» በሚል ማስታወቂያ ሰዎችን ወደሚከፈልበት አገልግሎት ስቧል ተብሎ ከ50ዎቹም ግዛቶች በቀረበበት ጉዳይ፣ ጥፋተኛነቱን ሳያምን 141 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. የራሱን ነጻ በር በ12 ግዛቶች ለሙከራ ከፈተ፤ በዚያ ዓመት 140,803 ሰዎች ገቢያቸውን በዚሁ በር አስታወቁ። በ2025 እ.ኤ.አ. ግዛቶቹ 25 ሆኑ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትና የሚነግዱባት ሜሪላንድም ከተጨመሩት አንዷ ነበረች። ነገር ግን ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በሩ በ2026 እ.ኤ.አ. እንደማይከፈት ተነገረ። ተከፍቶ በነበረበትም ጊዜ ቢሆን በሜሪላንድ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ የንግድ ሒሳቡን ይዞ ሊገባበት አይችልም ነበር፤ አገልግሎቱ በተለይ ለደመወዝተኛው የተዘጋጀ እንጂ የራሱን ንግድ የሚያካሂደውን ሰው ገቢ የሚቀበል አልነበረምና።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ተቃውሞ ይቀርባል። አንደኛው፣ መንግሥት በግል ነጋዴ ሥራ እየገባ እንጀራውን መንጠቅ የለበትም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ግብር ተቀባዩ ራሱ ሒሳብ አስሊ ከሆነ ለግብር ከፋዩ ማን ይከራከርለታል የሚል ነው። ሁለቱም በቀላሉ የሚጣሉ አይደሉም። ሆኖም የሒሳብ ዐዋቂ የሚሸጠው ዕውቀቱንና ምክሩን ነው፤ ለዚህም ዋጋ ማግኘቱ የተገባ ነው። ሕግ ያዘዘውን ወረቀት ማስረከብ ግን ሸቀጥ ሊሆን አይገባውም። ለሁለተኛው ተቃውሞ ኤስቶኒያ መልስ ትሰጣለች። በዚያች አገር ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ ገቢውን በኢንተርኔት ያስታውቃል፤ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀውን አስቀድሞ በቅጹ ላይ ይሞላል፣ ግብር ከፋዩም መርምሮ የተሳሳተውን ያርማል። አማካሪ መቅጠር የሚወድም የሚከለክለው የለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የገቢዎች ሚኒስቴር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ገቢን ማስታወቂያ በር ከፍቷል፤ ስለ ማስታወቁም የአገልግሎት ዋጋ አይጠይቅም። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የአሜሪካ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ነጻ የተባለ በር ሰው ካላየውና ካልገባበት ነጻነቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ደረሰኙን ዓመቱን ሙሉ በካርቶን ሲያከማች ቈይቶ በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጥ ነጋዴ፣ ነጻ በሆነው በር ለመግባት ለሌላ ሰው ይከፍላል፤ ይባስ ብሎም የይለፍ ቃሉን አሳልፎ ይሰጣል። በሒሳቡ ላይ ስሕተት ቢገኝ ግን ተጠያቂው ስሙ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ነጋዴ እንጂ ጣቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ያሳረፈው ሰው አይደለም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ ገቢን ማስታወቅ ለወደፊቱም ያለ ዋጋ እንዲሆን በግልጽ ይደንገግ፤ በስምምነት የተሰጠ ነገር በስምምነት ይወሰዳልና። ሁለተኛ፣ ቅጹ ባለሱቁ በሚያነበው ቋንቋና በሚያውቀው ቃል ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የንግድ ምክር ቤቶች በማስታወቂያው ወራት ለአነስተኛ ነጋዴዎች የርዳታ ጠረጴዛ ይክፈቱ። በአሜሪካ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ቅጹን በነጻ የሚሞሉበት ሥርዐት ከ50 ዓመት በላይ ቈይቷል፤ ኩባንያዎቹ የገቡት ቃል ባልሠራበት ዘመን ይህ ሥራውን አላቋረጠም።

የነጋዴውም ድርሻ አለ። ሽያጩንና ግዥውን በየዕለቱ የመዘገበ ሰው የማስታወቂያው ወር ሲደርስ የሚያስደነግጠው ነገር የለም፤ የሠራውን ቍጥር ወደ ቅጹ ማስተላለፍ ብቻ ይቀረዋል። መዝገብ የሌለው ግን በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትለት እንኳ ይዞት የሚገባው ነገር የለውም። መንግሥት በሩን ያለ ዋጋ ይክፈት፤ ምክር ቤቱ መንገዱን ያሳይ፤ ነጋዴው መዝገቡን ይያዝ። ግብር ከፋይ ለመንግሥት ያለበት ዕዳ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ግብሩ ነው።