ከባዱ ቀረ፣ ቀላሉ ሄደ፦ የመቅደላ ትምህርትና የቅርስ ምዝገባ

ከአቀስታ በስተ ሰሜን፣ የተንታን ደጋ አልፎ በሚገኘውና ዛሬ አምባ ማርያም በሚባለው በመቅደላ አምባ ላይ አንድ ታላቅ መድፍ ይገኛል። ሴባስቶፖል የተባለው ይህ መድፍ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የተሠራ ነው። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል እንደሆነ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥቱ ገደል እያስናዱና መንገድ እያስጠረጉ፣ የበሽሎን ሸለቆ አሻግረው መቅደላ ለማድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። መድፉ ከተሠራ ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ቢያልፈውም ዛሬም ከአምባው አልወረደም።

ከመድፉ ጋር በአምባው የነበረው ሌላው ሀብት ግን እዚያ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በግምጃ ቤትና በቤተ ክርስቲያን የተገኘውን ሁሉ ሰበሰበ። የብራና መጻሕፍት፣ ዘውዶች፣ ጽላቶች፣ መስቀሎች፣ ጽዋዎችና አልባሳት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወረዱ። በዚያም ለሁለት ቀናት በጨረታ ተሸጡ። አብዛኞቹ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ቤተ መዘክሮችና ቤተ መጻሕፍት፣ ከፊሎቹም በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። ባጭሩ ከባዱ ቀረ፣ ቀላሉ ሄደ።

የመቅደላ ታሪክ በዚህ መልኩ ሲታይ ከአንድ ዘመን ሐዘን ያለፈ ጥያቄ ያስነሣል። አንድን ቅርስ በቦታው የሚያቆየው ምንድን ነው? ክብደቱ ነው? ዝናው ነው? ወይስ ሌላ ነገር?

ክብደት ዋስትና አይደለም

ክብደት ብቻውን ቅርስን እንደማያድን የአክሱም ሐውልት ምስክር ነው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱም 160 ቶን ያህል የሆነው ሐውልት በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣልያ ትእዛዝ ከአክሱም ተነሥቶ በኋላ በሮም አደባባይ ቆመ። በ1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን ቅርሶች በ18 ወራት ውስጥ እንድትመልስ ያስገድድ ነበር። ሐውልቱ ግን በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። በቀድሞ ቦታው ተተክሎ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. ነበር።

በአዲስ አበባ የሚገኘው የዐፄ ምኒልክ ሐውልትም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 ዓ.ም.፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ወራሪው ኃይል ከተማይቱን በያዘ ጊዜ ከቦታው አንሥቶ ቀበረው። ነጻነት ሲመለስ ሐውልቱም ተመልሶ ቆመ። ወራሪ ኃይል አንድን ሐውልት ለመንቀል ይህን ያህል የሚደክመው ድንጋዩን ወይም ነሐሱን ፈልጎ አይደለም። ሐውልቱ የሚናገረውን ነገር ዝም ለማሰኘት ነው። ኅብረተሰብም መልሶ የሚያቆመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ሐውልቶች ለመመለሳቸው አንድ የጋራ ምክንያት አላቸው። የት እንደነበሩ፣ የማን እንደሆኑና ማን እንዳነሣቸው የሚያጠራጥር አልነበረም። ዝናቸው እንደ መዝገብ ሆኖ አገልግሏቸዋል። በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ በአንድ መስጊድ ሣጥን ወይም በአንድ ቤተሰብ ጓዳ የተቀመጠ ቅርስ ግን ይህ ዓይነት ዝና የለውም።

ማስታወስ ማወደስ አይደለም

አንዳንድ ጊዜ ቅርስን መጠበቅ የባለ ታሪኩን ሥራ ሁሉ እንደ መደገፍ ሲቆጠር ይስተዋላል። መቅደላ ይህን አስተሳሰብ ለመመርመር የተመቸ ቦታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በአገር አንድነት ራእያቸውና ለጠላት እጅ ላለመስጠት በከፈሉት መሥዋዕትነት በመላ አገሪቱ ይታወሳሉ። በወሎ ምድር ግን ዘመናቸው የተደጋጋሚ ዘመቻና የብርቱ ቅጣት ዘመንም ነበር። ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋትን የመሳሰሉ የወሎ ገዢዎች ባላንጣዎቻቸው ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር ወደ አምባው ሲቃረብ የአካባቢው ሕዝብ ስሜት አንድ ዓይነት እንዳልነበረ ታሪክ መዝግቧል።

ይህ ልዩነት መቅደላን የመጠበቅን አስፈላጊነት አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። ቦታው ከነመድፉ፣ ከነመቃብሩና ከነምሽጉ ከተጠበቀ የንጉሡን ጀግንነት የሚያነሣውም፣ የወሎን ሕዝብ መከራ የሚያነሣውም ማስረጃውን ከአንድ ስፍራ ያገኛል። ቦታው ከጠፋ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚቀራቸው ወሬ ብቻ ነው። ኅብረተሰብ ሐውልትንና ታሪካዊ ስፍራን የሚጠብቀው ሁሉም በአንድ ቃል ስለሚስማማበት ሳይሆን ነገ የሚነሣ ጥያቄ ምስክር እንዳያጣ ነው።

ማስረጃ ያለው ይመለሳል

ከመቅደላ የሄዱትን ቅርሶች ለማስመለስ የሚደረገው ጥረት ረጅም ዘመን ያስቆጠረ ነው። አንዳንድ ታላላቅ የእንግሊዝ ተቋማት ስብስባቸውን በቋሚነት አሳልፈው እንዳይሰጡ የአገራቸው ሕግ ይገድባቸዋል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይህን አይፈቅድም። እንዲህም ሆኖ የተገኙ ውጤቶች አሉ። በ1994 ዓ.ም. በኤድንበርግ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ታቦት ወደ አገሩ ተመልሷል። በ2011 ዓ.ም. በለንደን የሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ፀጉር አስረክቧል። በ2013 ዓ.ም. ለጨረታ ቀርበው የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጭ እንዲነሡ ተደርጎ፣ ከሌሎች ቅርሶች ጋር በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተዋል።

እነዚህ ቅርሶች በተመለሱበት ሁሉ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ ከመቅደላ የመጡ ለመሆናቸው ማስረጃ ነበረ። የወሰዱት ሰዎች በማስታወሻቸው ጽፈውታል፣ በዕቃው ላይ ምልክት አድርገዋል፣ ወይም ለልጆቻቸው ሲያወርሱ ምንጩን ተናግረዋል። ስለ መቅደላ ቅርሶች ዛሬ አፍ ሞልቶ መከራከር የሚቻለው፣ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ በአብዛኛው ወሳጁ በያዘው መዝገብ ነው። ትናንት ከአንድ የገጠር ደብር በሌሊት የተሰረቀ መስቀል ግን ሌባው መዝገብ አይጽፍለትም። ባለቤቱ አስቀድሞ ካላስመዘገበው፣ ነገ በሌላ አገር ገበያ ቢታይ እንኳ «የእኛ ነው» የሚያሰኝ ማስረጃ አይገኝም።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ያለው የቅርስ ሀብት በአብዛኛው ከዚህ ከቀላሉ ወገን ነው። ተድባበ ማርያምን በመሳሰሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት አሉ። በመስጊዶችና በመሻይኾች ቤት በዐረብኛና በዐጀም የተጻፉ ኪታቦች ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፈዋል። በየቤቱም ጋሻ፣ ጦር፣ የቆየ የመሬት ሰነድና ጌጣጌጥ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ የሚሸከሙ ናቸው።

ሕጉ ለዜጎች የሚሰጠው መብትና የሚጥለው ግዴታ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የዚህን ዘርፍ መሠረት ይዟል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው የሚመደቡበትን ሥርዓት ደንግጓል። ለዜጎች የዕለት ተዕለት ሕይወት ቅርብ የሆኑት ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ምዝገባ ባለቤትነትን አይነጥቅም። ብዙ ባለይዞታዎች «ከተመዘገበ መንግሥት ይወስደዋል» በሚል ሥጋት ቅርሳቸውን ይደብቃሉ። በአዋጁ መሠረት ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል። ባለቤቱ የሚጠበቅበት ቅርሱን ማስመዝገብ፣ በራሱ ወጪ መንከባከብና ለትውልድ በሚተላለፍበት ሁኔታ መያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ለመሠረት፣ ለመንገድ፣ ለማዕድን ወይም ለተመሳሳይ ሥራ ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያውኑ ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ መጠበቅ ይኖርበታል። ቅርሱን ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጥና ያወጣው ወጪ እንደሚተካለት ሕጉ ይደነግጋል። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች አዲስ ቤትና ድርጅት የሚሠሩ ነዋሪዎች ይህን ድንጋጌ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል።

ሦስተኛ፣ ያረጀን ሕንጻ ወይም ሐውልት ማደስ በጎ ሥራ ቢሆንም ያለ ፈቃድ አይፈጸምም። ጥንታዊ ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ወይም የቆየ ሥዕል በአዲስ ቀለም መሸፈን፣ በቅን ልቡና ቢደረግም፣ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያደርሳል። ጥገና ያስፈለገው ደብር፣ መስጊድ ወይም ቤተሰብ አስቀድሞ የባለሙያ ምክር መጠየቅ አለበት። የማይንቀሳቀስ ቅርስንም ከቦታው ለማንሣት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት፣ መስረቅና ሆን ብሎ ማጥፋት በእስራት የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው።

አገልግሎቱን የሚፈልግ ዜጋ በቅድሚያ በሚኖርበት ወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ይችላል። ሲቀርብም ቅርሱን ይዞ መምጣት የለበትም፤ በመንገድ ላይ ሊጎዳ ወይም ሊጠፋ ይችላልና። ፎቶግራፉን፣ ልኩን፣ ከምን እንደተሠራ፣ ከማን እንደተወረሰና ስለ እርሱ በአካባቢው የሚነገረውን ታሪክ መያዙ የምዝገባውን ሥራ ያቀላጥፋል። በተለይ የአረጋውያን ቃል ሳይዘገይ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባል።

ልማትና መታሰቢያ

መንገድ ሲሠራና ከተማ ሲያድግ መታሰቢያ ሁሉ ይጠፋል ማለት አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በግፍ የገደላቸው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት፣ የአዲስ አበባ የቀላል ባቡር መሥመር በሚሠራበት ወቅት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ በሕዝቡ ዘንድ የተሰማው ሥጋት ቀላል አልነበረም። ሐውልቱ በጥንቃቄ ተቀምጦ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ባቡሩም ሐውልቱም ዛሬ አብረው አሉ። ይህ የሆነው የት እንደነበረና የት መመለስ እንዳለበት አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ሕዝቡም ስለተከታተለው ነው።

በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው በየቀኑ ያየዋል። እውነተኛው መድፍ ግን በመቅደላ አምባ ነው፤ የቅርብ ጠባቂዎቹም በአምባው ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች፣ ካህናትና ተማሪዎች ናቸው። ሰባቱን ቶን ማንም በቀላሉ አያነሣውም። በየጓዳው፣ በየደብሩና በየመስጊዱ ያለውን ቀላሉን ሀብት የሚያከብደው ግን በመዝገብ ላይ የሰፈረ ስሙና ባለቤቱ የሚያደርግለት ጥበቃ ነው።